ብሩ በዛ፤ ሱቁ ለምን አልሞላም?

ልጄ፣

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የጠየቅሽኝን ጥያቄ መንገድ ላይ ልመልስልሽ ሞክሬ አልሆነልኝም። «ጋሼ፣ ወንድሜ ከደቡብ አፍሪካ የሚልከው ራንድ ያው ነው። ዱሮ በባንክ ሲገባ 30 ሺህ ብር ይሆን የነበረው ዛሬ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ታዲያ ሱቄ ለምን አልሞላም? መደርደሪያው እንዲያውም ሳስቷል» ነበር ያልሽኝ። ዕድሜዬን ሒሳብ ሳስተምር እንደዚህ ያለ ጥያቄ ከስንት አንዴ ነው የቀረበልኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሳሰላስለው ቆይቼ መልሱን በቁጥር ከፋፍዬ ጻፍኩልሽ። ዓመቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው ያደረግኩት። ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ ለጓደኞችሽም አንብቢላቸው። ዳምቦያ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ የውጭ ገንዘብ የሚጠብቀው አንቺ ብቻ አይደለሽም።

1. ገንዘብ ራሱ ዋጋ እንዳለው እወቂ።

ጤፍ ስንት ገባ ብለሽ እንደምትጠይቂው ሁሉ ገንዘብም ስንት ገባ ተብሎ ይጠየቃል። ዋጋው ደግሞ አንድ ሳይሆን ሦስት ነው። ተበድረሽ ስትሠሪበት የምትከፍይው ወለድ አንዱ ነው። ከሌላ አገር ገንዘብ ጋር ሲመነዘር የሚያወጣው ሁለተኛው ነው። ገበያ ይዘሽው ስትወጪ የሚገዛልሽ ዕቃ ሦስተኛው ነው። አንዱን የነካ ሰው ሌሎቹን ሳይነካ አያልፍም።

እነዚህን ዋጋዎች ከማንም በላይ የሚያንቀሳቅሰው የአገሩ ማዕከላዊ ባንክ ነው። የእኛው ብሔራዊ ባንክ ራሱን ችሎ የቆመው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የማዕከላዊ ባንክነቱም የንግዱም ሥራ በአንድ ቤት፣ በመንግሥት ባንክ፣ ተጠቃሎ ይሠራ ነበር። አንቺ ሄደሽ ደብተር አታወጪበትም፤ የባንኮች ባንክ ነው። ከባንኮች ጋር ገንዘብ ሲሰጣጥ የሚመራበትን መነሻ ወለድ ይወስናል። በሐምሌ 2016 ይህንን መነሻ 15 በመቶ ብሎ አወጀ። ባንኩ ለአንቺ የሚያበድርበት ወለድ ከዚህ መነሻ ጋር እየተሳሳበ እንዲሄድ ነው የተፈለገው። ይህ ለእኛ አገር አዲስ አሠራር ነው፤ በሌላው ዓለም ግን የቆየ ነው።

2. ፕሪቶሪያ ላይ የተወሰነው ወለድ ዳምቦያ እንደሚደርስ አትርሺ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የአንቺን ቤት በቀጥታ የሚነካው ይኸኛው ነውና።

ወንድምሽ ሥራ የጀመረው ሎኬሽን በሚሉት የከተማ ዳር ሰፈር ውስጥ ብርድ ልብስና የአልጋ ልብስ ተሸክሞ ቤት ለቤት እየዞረ በዱቤ በመሸጥ ነበር። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከአንጋጫ የሄዱት ልጆቻችንም ብዙዎቹ የጀመሩት እንዲሁ ነው። ዕቃውን ከጆሃንስበርግ፣ ከእኛው ሰዎች ሱቅ ያመጣል። ደንበኛው ደመወዙን በወር መጨረሻ ሲቀበል ጥቂት ጥቂት ይከፍለዋል። ስለዚህ የወንድምሽ ገቢ የተንጠለጠለው በዚያ ደመወዝተኛ ኪስ ላይ ነው።

ፕሪቶሪያ ያለው የደቡብ አፍሪካ ሪዘርቭ ባንክ ኮሚቴ በዓመት ስድስት ጊዜ እየተሰበሰበ ወለዱን ይወስናል። የራንድን የመግዛት አቅም መጠበቅ በሕገ መንግሥታቸው የተጻፈበት ግዴታው ነው። በ2014 መጀመሪያ ወለዱ 3 ነጥብ 5 በመቶ ነበር። ከዚያ ዋጋ በዓለም ሁሉ ሲንር እየደጋገመ ከፍ አድርጎት ግንቦት 2015 ላይ 8 ነጥብ 25 አደረሰው። እንግዲህ የሎኬሽኑ ሰውዬ ለመኪናው፣ ለቤቱ ወይም ለልጁ ትምህርት የተበደረው ብድር ካለ ወርኃዊ ክፍያው ወዲያው አደገ። ደመወዙ ግን አላደገም። ታዲያ ምኑን ይቀንሳል? አዲስ ብርድ ልብስ መግዛቱን ይተዋል፤ የወንድምሽንም ዱቤ ወደሚቀጥለው ወር ይገፋዋል። ወንድምሽ ደግሞ ዕቃ ለሰጠው ነጋዴ መክፈል አለበት። ከዚያ የተረፈችው ናት ወደ አንቺ የምትመጣው።

በዚያው በ2015 እኔም እዚያው አገር ያለውን ልጄን ጠርጥሬው ነበር። በየወሩ ሲልክ የነበረው በሦስት ወር አንዴ ሲሆን፣ «ገበያ ቀዝቅዟል» ሲለኝ፣ ገንዘቡን ሌላ ቦታ የሚያጠፋው መሰለኝ። ክፉ ቃልም ተናገርኩት። የወለዱን ቁጥር በኋላ ሳገኘው አፈርኩ፤ ደውዬም ይቅርታ ጠየቅኩት። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ሪዘርቭ ባንኩ ወለዱን ቀስ በቀስ መቀነስ ጀመረ። አንቺም ወንድምሽን ከመውቀስሽ በፊት የዚያን አገር ወለድ ጠይቂ። ስልክሽ ላይ አንድ ደቂቃ አይፈጅብሽም።

3. ብሩ ሲበዛ ዶላሩን ቁጠሪ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ መጣሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ።

ወንድምሽ 10 ሺህ ራንድ ላከ እንበል። አንድ ዶላር በ18 ራንድ ግድም ሲመነዘር ይህ 555 ዶላር ገደማ ነው። እስከ ሐምሌ 21 ቀን 2016 ድረስ ባንክ አንዱን ዶላር በ57 ብር ከምናምን ስለሚይዘው 32 ሺህ ብር አካባቢ ታገኚ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ብሎ ለቀቀው። በዚያው ቀን ዶላሩ ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ ወሩ ሳይሞላ ደግሞ 100 አለፈ። ከጥቂት ወራት በኋላ በ120 ብር ግድም ስትመነዝሪው 66 ሺህ ብር ሆነልሽ። እልል አልሽ።

ነገር ግን 555 ዶላሩ አሁንም 555 ዶላር ነው። በሱቅሽ ያለው ባትሪ፣ የእጅ መብራት፣ የስልክ ገመድ፣ ዘይቱም ሆነ የሳሙናው ጥሬ ዕቃ በጂቡቲ በኩል የገባው በዶላር ተገዝቶ ነው። አስመጪው በ120 ብር የገዛውን ዶላር አንቺ ላይ በ57 ሊቆጥርልሽ አይችልም። እንዲያውም ብዙው ነጋዴ ድሮውንም ዶላር በባንክ ስለማያገኝ ከ100 ብር በላይ እየከፈለ በጥቁር ገበያ ይገዛ ነበር፤ ዋጋውንም የሚያወጣው በዚያ ነበር። ስለዚህ ያን ጊዜ በባንክ የተቀበልሽው 32 ሺህ ብር ያለ አግባብ ያነሰ ነበር፤ በኋላ የተቀበልሽው 66 ሺህ ደግሞ የመሰለሽን ያህል ትልቅ አልነበረም። ነዳጁ እየተወደደ ሲሄድ ከሆሳዕና ዕቃ የሚያመጣልሽ አይሱዙም ዋጋ ጨመረ። መደርደሪያሽን ያሳሳው ይህ ነው።

ታዲያ እርምጃው መጥፎ ነበር ወይ ትይኝ ይሆናል። እኔ የማምነውን ልንገርሽ፤ መደረግ ነበረበት፤ የዘገየ ነበር፤ ደመወዝተኛው ላይ ደግሞ ከባድ ሆኖ ወደቀ። ብሔራዊ ባንክ በእጁ የነበረው የውጭ ምንዛሬ ለአንድ ወር እንኳ ዕቃ ለማስገባት የማይበቃ ደረጃ ደርሶ ነበር። እርምጃው በተወሰደበት ዕለት የዓለም የገንዘብ ድርጅት በአራት ዓመት የሚለቀቅ 3 ነጥብ 4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። ሁለቱ ነገሮች ተያይዘው እንደመጡ ማንም ያውቃል።

ይህ ለእኔ የመጀመሪያዬ አይደለም። በመስከረም 1985 ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም በአንድ ጊዜ 5 ብር ሲሆን የመምህር ደመወዜን ይዤ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ሲወደድ ደመወዜ ባለበት ቆመ። ጓሮው ቡና ያለው ጎረቤቴ ግን ቀና አለ። የምንዛሬ ለውጥ ሁሉንም እኩል አያደኸይም፤ ሁሉንም እኩልም አያበለጽግም። በእናትሽ ጓሮ ያሉትን የቡና እግሮች አትናቂያቸው። በየካቲት 2017 በኒውዮርክ ገበያ አንድ ፓውንድ አረቢካ ቡና ከ4 ዶላር በላይ አውጥቷል።

4. ዋሽንግተን ስታስነጥስ ለምን እንደምናስል ተረጂ።

የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ፌዴራል ሪዘርቭ ይባላል። ኮሮና በገባበት በመጋቢት 2012 ወለዱን ዜሮ አጠገብ አደረሰው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በመጋቢት 2014፣ የዋጋ ንረት ሲያስደነግጠው ወደ ላይ ይገፋው ጀመር፤ በሐምሌ 2015 ከ5 ነጥብ 25 እስከ 5 ነጥብ 5 በመቶ አደረሰው። ይህ ለእኛ ምናችን ነው? ባለ ገንዘብ ሰው አሜሪካ ውስጥ ያለ ስጋት 5 በመቶ የሚያገኝ ከሆነ ገንዘቡን ለኢትዮጵያ ወይም ለጋና የሚያበድርበት ምክንያት ያጣል። ካበደረም ብዙ ወለድ ይጠይቃል። ዶላር ይጠነክራል፤ ራንድን ጨምሮ የሌላው ገንዘብ ይዳከማል። የፕሪቶሪያ ሰዎችም የራሳቸውን ወለድ ከፍ ካላደረጉ ራንዳቸው ይፈስሳል። ወንድምሽን የጨመቀው እጅ ግማሹ የዋሽንግተን ነበር ማለት ነው።

መንግሥታችን በ2007 ዓ.ም. ዓለም በርካሽ ወለድ በሚያበድርበት ጊዜ 1 ቢሊዮን ዶላር በቦንድ ተበደረ፤ ወለዱ በዓመት 6 ነጥብ 625 በመቶ ነበር። በታኅሣሥ 2016 በስድስት ወሩ የሚከፈለውን 33 ሚሊዮን ዶላር ሳይከፍል ቀረ። ስሪላንካና ጋናም ከእኛ በፊት እንዲሁ አቅቷቸዋል። የእያንዳንዱ አገር ጥፋት የራሱ ነው፤ የእኛ ጦርነትም አለበት። በርካሽ ዘመን የተበደረ ሁሉ ግን ውድ ዘመን ሲመጣ ብድሩን እንዴት አድሳለሁ ብሎ ማሰብ ነበረበት። ድሮም ሆኗል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፖል ቮልከር የሚባሉ የፌዴራል ሪዘርቭ ሊቀ መንበር የአሜሪካን ንረት ለመስበር ወለዱን እስከ 20 በመቶ ድረስ ሰቀሉት፤ ንረቱ ተሰበረ፤ ነሐሴ 1974 ላይ ግን ሜክሲኮ ዕዳዬን መክፈል አልቻልኩም አለች፤ ከላቲን አሜሪካ እስከ አፍሪካ ብዙ አገር ተከተላት። የራሳቸውን ቤት ዋጋ ሊያረጋጉ የተነሡ ሰዎች የሌላውን ቤት አናወጡ። ሥልጣናቸው ለአሜሪካ ሕዝብ ነውና ሊጠየቁበት አይችሉም። እኛ የምንችለው አስቀድሞ ማወቅ ነው።

5. ቁጠባሽን እናትሽ እንሰቷን እንደምትይዘው ያዢ።

ባንክ ለቆጣቢ ከ7 በመቶ በታች እንዳይከፍል ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ታዝዟል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ራስሽ አስቢው፤ 100 ብር ያስቀመጠ 107 አገኘ፤ በ100 ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ ግን 130 አልፏል። ማንም እጁን ሳያስገባ ከኪሱ ቢያንስ 23 ብር ወጣ። በ2017 መጨረሻ ንረቱ ወደ 14 በመቶ ግድም ወርዷል። ንረት ወረደ ሲባል ግን ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም፤ ዋጋው የሚወጣበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህንን ያምታታል፤ ከተማ ስብሰባ ላይም ሲምታታ ሰምቻለሁ።

እናትሽ እንሰት ስትተክል ለዘንድሮ አይደለም። የዘንድሮው የሚፋቀው ሌላ፣ የከርሞው ሌላ፣ ገና ችግኝ የሆነውም ሌላ ነው። ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ እያለ ደግሞ አዲሱን አትነካውም። አንቺም ለሳምንት የሚያስፈልግሽን ባንክ አኑሪ፤ ለወራት የሚሆነውን ቶሎ በማይበላሽና በሚሸጥ ዕቃ ያዢ፤ ለዓመታት የሚሆነውን መሬትሽ ላይ፣ ቡናሽ ላይ፣ ከብትሽ ላይ አውዪ። እቁብሽን አትተዪ፤ ዕጣው በመጨረሻ የሚደርስሽ ከሆነ ግን ንረቱ ምን ያህሉን እንደሚበላብሽ አስልተሽ ግቢ።

6. ስትበደሪ ባንኩ ውስጥ ያለውን ጣሪያ ጠይቂ።

በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ብድራቸውን በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድጉ ከለከለ። በገበያው ውስጥ የበዛውን ብር ለመቀነስ ነው። በኋላ ወደ 18፣ ከዚያም ወደ 24 በመቶ ከፍ አድርጎታል። የእህቴ ልጅ በዚያን ጊዜ ወፍጮ ሊተክል ቤቱን ለዋስትና አቅርቦ፣ ግምቱ ተሠርቶ፣ ፊርማ ብቻ ሲቀረው «የዓመቱ ኮታ ሞልቷል» አሉት። አስቀድሞ የነገረው አልነበረም። ለማሽኑ የከፈለው ቀብድ ቀለጠ። ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ባንኩን በግልጽ ጠይቂው፤ ለዘንድሮ የሚሰጠው ብድር ቀርቶታል ወይ? ወለዱ እስከ መጨረሻው ያው ነው ወይስ መካከል ላይ ሊቀየር ይችላል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበይ። ከወንድምሽ በሚመጣ ገንዘብ ብቻ ተመክተሽ ግን አትበደሪ፤ ሱቁ ራሱ የማይከፍለውን ብድር አትፈርሚ።

7. የማዕከላዊ ባንክ ትልቁ ዕቃ ቃሉ ነው፤ የአንቺም እንዲሁ።

በሐምሌ 2004 የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ መሪ ማሪዮ ድራጊ ለንደን ላይ ቆመው ዩሮን ለማዳን የሚያስፈልገውን ሁሉ እናደርጋለን ሲሉ ጣሊያንና ስፔን የሚበደሩበት ወለድ ወረደ። ለዚያ የተዘጋጀው መርሐ ግብር እስካሁን አንድ ዩሮ አልወጣበትም። ሰው ስላመናቸው ብቻ ሆነ። የተገላቢጦሹም እውነት ነው፤ ሰው ካላመነ መጋዘን ሙሉ ስኳር እያለ ስኳር ይጠፋል።

የእኛ ምንዛሬ በተለቀቀባት በዚያች የሐምሌ 2016 ሳምንት አንዳንድ ነጋዴ ከወር በፊት በገዛው ዕቃ ላይ ሌሊቱን ዋጋ ሲጨምር አይተሻል። አንዳንዱ የተገደደ ነው፤ በአሮጌው ዋጋ ሸጦ በአዲሱ ዋጋ መልሶ መግዛት አይችልም። ሌላው ግን ቴሌግራም ላይ ያየውን ወሬ ይዞ ጎረቤቱን በላ። አንቺ የፊተኛውን አድርጊ እንጂ የኋለኛውን አታድርጊ። ከአከፋፋይ አዲሱን ደረሰኝ እስክትቀበይ ድረስ አትጨምሪ፤ ስትጨምሪም ደረሰኙን ለጠየቀሽ ሰው አሳዪ። አሮጊቷ ጎረቤትሽ አንድ ሳሙና ልትገዛ ስትመጣ ስለ ዶላር ምንም አታውቅም፤ አንቺን ግን ታውቅሻለች።

8. ራንዱ ጣፋጭ ሆኖ ሲታይ ታናሽ ወንድምሽን አትላኪው።

ይህን በአጭሩ ነው የምጽፈው፤ ብዙ መጻፍ አልችልም። ምንዛሬው ሲያድግ ደላላው ደጃፍ ላይ ይበዛል፤ መሬት ይሸጣል፤ ልጅ ይላካል። በጥቅምት 2015 ማላዊ ውስጥ ምዚምባ በሚባል አውራጃ በአንድ ጉድጓድ የ25 ሰው አስከሬን ተገኘ፤ የአገሩ ፖሊስ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚጓዙ ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ተናገረ። ያን ሳምንት በሆሳዕናም በዱራሜም ስልክ ያልደወለ እናትና አባት አልነበረም። ታናሽሽ መማር ከፈለገ መጽሐፉን እኔ እገዛለሁ፤ መሥራት ከፈለገ ሱቅሽ ውስጥ አብሮሽ ይቁም።

አሁን አንድ ሥራ ልስጥሽ። አዲስ ደብተር ግዢ። በየወሩ መጀመሪያ አራት ነገር ጻፊበት፤ ባንክ ራንድን በስንት ብር እንደያዘው፣ የደቡብ አፍሪካን ወለድ፣ የእኛን ብሔራዊ ባንክ መነሻ ወለድ፣ የአንድ ሊትር ዘይት ዋጋ በሱቅሽ። ሦስት ወር ሲሞላው ደብተሩን ይዘሽ ቤቴ ነዪ። ቡና አስፈልቼ እጠብቅሻለሁ፤ አብረን እናሰላዋለን።

አጎትሽ፣ ዳምቦያ